በስሜ የምትጠራኝ ልጅ

በዚህ ዕድሜዬ ቀናሁ ብል ሰው ይስቅብኛል። ይሳቅ! ባለፈው ሐሙስ፣ እዚሁ ደብረ ማርቆስ፣ ልጄ ትዕግሥት በምትሠራበት መሥሪያ ቤት አንዲት ክፍል በር ላይ ቆሜ ቀናሁ። በሩን ስገፋው መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነው፤ የአጥሚት፣ የሕፃን ቅባት፣ ፀሐይ ላይ የዋለ የልጅ ጨርቅ ሽታ። ግድግዳው ቢጫ ተቀብቷል። ወለሉ ላይ ወፍራም ምንጣፍ ተነጥፏል፤ በመስኮቱ ሥር ትንንሽ አልጋዎች ተደርድረዋል። ሰማያዊ ሽርጥ ያደረጉ ሁለት ሴቶች ልጆቹ መሐል ቁጭ ብለዋል። እኔ ቆሜ ሳይ አንዲት የጽዳት ሠራተኛ መጥረጊያዋን ውጭ አስደግፋ፣ እጇን ታጥባ ገባች። ልጇን አንስታ አጠባች፣ አስገሳቻት፣ ጉንጯን ስማ መልሳ አስተኛቻት። ስትወጣ ዓይን ለዓይን ተጋጨን። «በፊት እኮ፣ እማማ፣ ቤት ቆልፌባት ነበር የምመጣው» አለችኝ። «ለሞግዚት የሚከፈል ከየት ይምጣ? እዚህ ከደሞዜ የሚቆረጠው ከሻይ ዳቦ አያልፍም። እግዜር ይስጣቸው።» እኔም እግዜር ይስጣቸው ማለት ነበረብኝ። አፌስ ብሏል። ልቤ ግን «ለእኔ ጊዜ የት ነበራችሁ?» ነው ያለው።

የሄድኩት ለምርቃት አይደለም፤ ነገር ፍለጋ ነው። የልጅ ልጄ ሶልያና ዓመት ሊሞላት ነው። የእናቷ የወሊድ ፈቃድ ካለቀ ጀምሮ የዋለችው እኔ ጭን ላይ ነበር። ታዲያ በቅርቡ አንድ ቀን ትዕግሥት ከሥራ ገብታ ጫማዋን እያወለቀች፣ «እናኑ፣ ሶሊን ከሰኞ ጀምሮ ማቆያ ላስገባት ነው» አለችኝ።

«የምን ማቆያ? ልጅቱ ዕቃ ናት እንዴ የምትቆየው?»

«የሕፃናት ማቆያ ነዋ። መሥሪያ ቤታችን ከፈተልን። ዋጋው ትንሽ ነው፤ አራት ሰዓት ላይ ወርጄ አጠባታለሁ፣ ምሳዬንም ከእሷ ጋር እበላለሁ። አንቺም ጉልበትሽን እያመመሽ ነው…»

«ጉልበቴን ማን ከሰሰብሽ? እኔ በሕይወት እያለሁ ልጅ ለባዳ ይሰጣል? ሰው ምን ይለኛል?»

«ሰው ምንም አይልም፣ እናኑ» አለችና ልጇን ይዛ ወደ ጓዳ ገባች።

ልብ ብላችኋል? እናኑ ነው የምትለኝ። እናኑ ስሜ ነው። ባጃጅ ነጂው ማዘር ይለኛል፣ ሽንኩርት ሻጯ እማማ ትለኛለች፣ በዓይኔ አይቼው የማላውቀው የመንደር ልጅ ሁሉ «እማማ ዕቃውን ልያዝልዎት» ይለኛል። ለባዳው ሁሉ እማማ ነኝ። ወልጄ ላጠባኋት ልጅ ብቻ እናኑ ነኝ። ድሮ መሥሪያ ቤታችን መዝገብ ቤት ይሠሩ የነበሩ፣ የቅኔ ቤት ያለፈባቸው ሰውዬ ይህን ሰምተው አንድ ቀን ምን አሉኝ መሰላችሁ? «አይ አንቺ ልጅ፣ የጎደለችሽ እኮ አንዲት ፊደል ናት። እናኑ ከሚለው ኑን አውጥተሽ ቱን ብታስገቢ፣ እናቱ ትሆኚ ነበር።» ቢሮው በሳቅ ፈረሰ። እኔም ከእነሱ ጋር ሳቅሁና፣ ቤቴ ገብቼ ነው የገባኝ። ቅኔ እንዲህ ናት፤ ዘግይታ ነው የምትወጋ።

ያን ጊዜ እንዲህ ያለ ከተማ አልነበረም። ዛሬ ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ባጃጅ ሲርመሰመስ መንገድ መሻገር ያቅተኛል፤ ያኔ የነበረው ጋሪ ነው፤ እሱም ዝናብ ሲሆን ፈረሱ ጭቃ ውስጥ ይቆምና ተሳፋሪው ወርዶ ይገፋል። ሻይ በአምስት ሳንቲም፣ ቦምቦሊኖ በአሥር ሳንቲም፣ አንድ ጠርሙስ ወተት በስሙኒ። ዶሮ በሦስት ብር ተወደደ ብለን ገበያ ላይ እንሳደብ ነበር፤ ዛሬ በሦስት ብር የዶሮዋን ላባም አይሸጡልሽ። እኔ በአንድ መንግሥት መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርኩ። ቡኒ ሽብሽቦ ቀሚስ ከጉልበቴ ትንሽ ዝቅ የሚል፣ ከላዩ በእጅ የተሠራ አረንጓዴ ሹራብ፣ ፀጉሬ በአፍሮ ማበጠሪያ ተነፍቶ፣ እግሬ ላይ ባለ ወፍራም ታኮ ጫማ። በፒያሳው ጫፍ ካለችው ሻይ ቤት አጠገብ ሳልፍ ሬዲዮዋ የክራር ዜማ ታሰማለች፤ በዜማው ልክ ነበር የምረግጠው። አሁን ጉልበቴ በራሱ ዜማ ነው የሚሄድ። የአማርኛው ታይፕ ደግሞ ጉደኛ ነው፤ አንዷን ፊደል ለማውጣት ገላዋን ለብቻ፣ ቅጥያዋን ለብቻ ትመቻለሽ። እኔ ግን ሳላይ ነበር የምመታው። ጣቴን አይተው «እናኑ በጣቷ ትሸምናለች» ይሉኝ ነበር።

ትዕግሥትን ስወልድ ባለቤቴ መንገድ ሥራ ላይ ነበር፤ ነፍሱን ይማረውና ወሩን ሙሉ ዓባይ በረሃ ውሎ ደሞዝ ሲቀበል ብቻ ነው ብቅ የሚለው። የወሊድ ፈቃድ እንደ ዛሬው አልነበረም። የሴት ልጅ ክርስትና በሰማንያ ቀኗ ነው አይደል? የእኔ ፈቃድ ክርስትናዋን እንኳ አልጠበቀላትም። ስም ሳይወጣላት ሥራ ገባሁ። አቤት ያ የመጀመሪያ ቀን! ሦስት ገጽ ደብዳቤ ከነካርቦኑ አስገብቼ እየመታሁ፣ ውጭ የአንዲት ባለጉዳይ ልጅ አለቀሰ። የእኔ ጡት የሌላ ሰው ልጅ ልቅሶ ሰምቶ ፈሰሰ፤ ሸሚዜ ራሰ፣ ሹራቤን ቆልፌ ቀጠልኩ። ሐሙስ ሐሙስ ከሥራ በኋላ ስብሰባ አለ። ካኪ የለበሰው አለቃችን ስለ ሴቶች እኩልነት እየጮኸ ይናገራል፤ እኛም እጃችንን አንስተን እናጨበጭባለን። ለማጥባት ብዬ ግማሽ ሰዓት ስለምነው ግን፣ «ጓዲት፣ ወንዶቹ ጓዶች ለማጥባት ይወጣሉ?» አለኝ። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ጨንቋት ልጇን በወረቀት ካርቶን ውስጥ ጠረጴዛዋ ሥር ታስተኛ ነበር፤ ልጁ በስብሰባ መሐል አስነጥሶ አጋለጣት። እናቴ ደግሞ ከሮብ ገበያ በኩል ከገጠር መጥታ «ልውሰድልሽ፣ ከጥጆቹ ጋር ትደግልኝ» አለችኝ። ልጄን አንድ ቀን መንገድ ርቄ? አላደርገውም አልኩ።

ያን ጊዜ ነው ማንጠግቦሽ የመጣች። ማንጠግቦሽ ወደ ውሰታ ወንዝ በሚወስደው መንገድ ከአጥሬ ማዶ የምትኖር፣ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ልጅ አልሰጣትም። ቀኑን ሙሉ ደጇ ላይ ተቀምጣ እንዝርቷን ታሾራለች። ስሟን ያወጣላት ሰው አውቆ ነው ያወጣው፤ ማንም አይጠግባትም። አንድ ጧት ልጄን አዝዬ፣ ሥራ ረፍዶብኝ፣ በር ላይ ቆሜ ሳለቅስ አይታ በአጥሩ ቀዳዳ እጇን ዘረጋች። «ወዲህ በያት።» ሰጠኋት። የዚያኑ ዕለት ስመለስ፣ «እትዬ ማንጠግቦሽ፣ ስንት ልክፈልዎት?» አልኳት።

«ምኑን?»

«ልጅቱን ለያዙበት ነዋ።»

«ወይ ጉድ! ለልጅ ደግሞ ይከፈላል እንዴ? እኔ ፈትሌን ስፈትል ከጎኔ ትተኛለች፤ ምን አደከመችኝ?»

ብትቀበለኝ እንዴት በተሻለኝ። ብትቀበለኝ ኖሮ ሠራተኛዬ ትሆን ነበር፤ ስታጠፋ እቆጣታለሁ፣ ሲበቃኝ አሰናብታታለሁ። በነፃ ልጅሽን የያዘልሽን ሰው ምን ትይዋለሽ? አንዳንዴ ባዘቶ ገዝቼ ብወስድላት፣ ፈትላ አሸምና ለልጄ ጋቢ አድርጋ ትመልስልኛለች። እንዲህ ያለች ሴት ናት። እኔም ቀን በቀን አመሰግናታለሁ፤ ቀን በቀንም እጠላታለሁ።

ስድስት ሰዓት ሲደወል በታኮ ጫማዬ ኮረኮንቹን እየመታሁ ለማጥባት እሮጣለሁ። ስደርስ ልጄ አጥሚቷን ጠግባ፣ የማንጠግቦሽ ቀሚስ ውስጥ ተጠቅልላ ትተኛለች። ጡቴን ስሰጣት ፊቷን ታዞርብኛለች። ሳነሳት ቅቤና አሪቲ ትሸታለች፤ የማንጠግቦሽ ሽታ ነው። ከሥራ ስመለስ ታዲያ ውሃ አሙቄ ጭንቅላቷን በሳሙና አጥብና ያንን ሽታ አስለቅቃለሁ። በማግሥቱ ማንጠግቦሽ «ምነው ይቺ ልጅ ፀጉሯ ደረቀ» ብላ መልሳ ቅቤ ትቀባታለች። እኔ አጥባለሁ፣ እሷ ትቀባለች፤ እኔ አጥባለሁ፣ እሷ ትቀባለች። በአንዲት ሕፃን ጭንቅላት ላይ ስንት ወር ሙሉ ጦርነት ስንዋጋ ከረምን፤ ቃል ግን አልተነፈስንም። እሷስ ጦርነት መሆኑን ማወቋንም እንጃ።

በስሜ መጠራቱንም ያመጣችብኝ እሷ ናት። ገና ከአጥሩ ስደርስ ልጄን ብድግ ታደርግና «እናኑ መጣች! እናኑ መጣችልሽ!» ትላታለች። ራሷን ስትጠራ ደግሞ «ነይ ወደ እምዬ።» ክፋት የለባትም፤ እኔን እናኑ ብላ ለምዳለች፣ ያንኑ ለልጅ አስተማረች። ልጅ የሰማውን ነው የሚለው፤ ውሻስ በበላበት አይደል የሚጮኽ? ልጄ አፏን ስትፈታ የመጀመሪያ ቃሏ እምዬ ሆነ። የእሷ ነው። ሁለተኛው እናኑ ሆነ። የእኔ ነው። እሑድ እሑድ ጣቴን ስኳር ውስጥ እየነከርኩ «እማ በይኝ፣ እማ» እላታለሁ። «እናኑ» ብላ ጣቴን ትልሳለች። ቆጣ ብዬ «እማ!» ስላት፣ «እምዬ ጋ» ብላ አጥሩን ታሳየኛለች። «እትዬ ማንጠግቦሽ፣ ስመጣ በስሜ አይጥሩኝ፤ እማ መጣች ይበሉልኝ» ማለት እኮ ይቻል ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ናት። በቀን ሰባት ገጽ የምመታ ሰው ይቺን አንዲት ዓረፍተ ነገር ከአፌ ማውጣት አቃተኝ። ኩራት ነው፣ ሌላ ምን አለ? ልጄን ነጠቁኝ ማለት፣ ተነጠቅሁ ብሎ ማመን ነው።

አንድ እሑድ ትዕግሥት ቤቴ ውስጥ ከአልጋው ተነስታ ሦስት እርምጃ ሄደች። ጮኽሁ! ወደ አጥሩ ሮጥኩ። «እትዬ ማንጠግቦሽ፣ ሄደች! ልጄ ሄደች!» ማንጠግቦሽም እንዝርቷን ጥላ እልልታውን አቀለጠችው። ያን ሳምንት በደስታ ሰከርኩ፤ መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነኛ! ከዚያ አንድ ቀን ቦኖ ውሃ ተራ ይዘን ሳለን አንዲት የሰፈር ሴት አመለጣት። «ውይ፣ እሷማ ከሄደች ሁለት ሳምንቷ ነበር እኮ። ማንጠግቦሽ ናት ‹እናቷ ቀድማ ያየች ይምሰላት፣ እንዳትነግሯት› ብላ ያስማለችን።» ሌላ ሴት ብትሆን ይህን ሰምታ ሄዳ የማንጠግቦሽን ጉልበት ትስም ነበር። እኔ በንዴት እንስራዬን ሳልሞላ ተመለስኩ። አዘነችልኝ! የልጄን እርምጃ ቆጥባ፣ እንደ ምጽዋት፣ እሑድ ቀን ሰጠችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጄ አዲስ ነገር ባሳየችኝ ቁጥር «ይኼስ ስንተኛ ጊዜው ይሆን?» እላለሁ።

ትዕግሥት አራት ዓመት ሊሆናት ሲል ጥርሴን ነክሼ ቤት ቀየርኩ። ከተማውን አቋርጬ ወደ አብማ በኩል አንዲት ክፍል ተከራየሁ። ለሰው «ለሥራ ይቀርበኛል» አልኩ፤ ውሸቴን ነው፣ እንዲያውም ይርቀኝ ነበር። ልጄን ቀን ቀን ፊደል እንድትቆጥር የኔታ ዘንድ አስገባኋት። ማንጠግቦሽ ዕቃ አስጭናኝ የልጄን ጋቢ አጥፋ ሰጠችኝ። እሰይ፣ አሁን የእኔ ሆነች ብዬ ነበር። ልጅቱ ግን አጥሚቱንም አልጠጣ፣ እንጀራውንም አልበላ አለች። በሦስተኛው ቅዳሜ ገበያ ይዣት ወጣሁ። ከሽንኩርት ሻጭ ጋር ስከራከር፣ ዞር ስል የለችም። አምላኬ! ገበያውን በጩኸት ገለበጥኩት። በርበሬ ተራ፣ ቅቤ ተራ፣ በግ ተራ፤ የለችም። ያየ ሁሉ ወደ ውሰታ የሚወርደውን መንገድ ያሳየኛል። ጫማዬን በእጄ ይዤ ሮጥኩ። የማንጠግቦሽ በር ገርበብ ብሏል፤ ልገባ ስል የልጄን ድምፅ ሰማሁ። ማንጠግቦሽ ጭን ላይ ቁጭ ብላ፣ አቧራ ለብሳ፣ ቆሎ እየበላች ታወራለች። «እምዬ፣ እናኑን ገበያ ጣልኳት።»

እኔን ነው የጣለችው! ማንጠግቦሽ ቀና ብላ በር ላይ ቆሜ አየችኝ። «ግቢ እናኑ፣ ደንግጠሻል፣ ውሃ ልስጥሽ» አለችኝ። ብትሰድበኝ ምን ነበረበት? «ልጄን ነጥቀሽኝ ሄደሽ ነበር» ብትለኝ፣ እኔም መልስ ነበረኝ፤ ስንት ዓመት ያዘጋጀሁት። ውሃ ሰጠችኝ፤ ጠጣሁ። በወሩ ወደ ድሮ ቤቴ ተመለስኩ። ዛሬ በዚያ በኩል በባጃጅ ሳልፍ፣ የሁለታችንም ቤት ፈርሶ ባለ ሦስት ፎቅ ሕንፃ ቆሞበታል፤ ከታች የስልክ ቀፎ ይሸጣሉ። አጥሩ የነበረበትን ቦታ ግን አሁንም ዓይኔን ጨፍኜ አሳያችኋለሁ።

ማንጠግቦሽ ያረፈችው ትዕግሥት ኮሌጅ እያለች ነው። ልጄ ከትምህርቷ መጣች፤ ፀጉሯን ተላጨች፤ ጥቁር ለበሰች። ድንኳን ውስጥ ከጎኗ ተቀምጫለሁ። ለቅሶ ደራሹ እየመጣ ልጄን ያቅፍና «የእናትሽን ነፍስ ይማር፣ እናትን የመሰለ ምን አለ» ይላታል። እኔ በሕይወት እያለሁ፣ ከጎኗ ቁጭ ብዬ! አንድ ከደብረ ኤልያስ የመጡ የማንጠግቦሽ ዘመድ ወደ እኔ ዘንበል አሉና፣ «እርስዎስ ለሟች ምኗ ነዎት?» አሉኝ።

«ጎረቤት» አልኩ።

አለቀስኩም፤ የእውነቴን ነው ያለቀስኩት። ግን እያለቀስኩም እቀና ነበር። በቀብር ላይ የሚቀና ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔን እዩኝ። እኔ ስሞት ልጄ ምን ብላ ነው የምታለቅሰው? «እናኑ! እናኑ!» ልትል ነው? መንደርተኛው የሞተው ማን ነው ብሎ ይጠይቃል እኮ።

እንግዲህ ሶልያና ስትወለድ ምን እንዳሰብኩ ልንገራችሁ። ጡረታ ወጥቻለሁ፣ ቤቴ ባዶ ነው፣ ጊዜ ሞልቶኛል። ይቺኛዋስ አታመልጠኝም አልኩ። የእናቷ ፈቃድ አልቆ ጧት በሩን ዘግታ ስትወጣ፣ እኔ ሶሊን ጭኔ ላይ አስቀምጬ ደረቴን መታ መታ እያደረግሁ «እማ። እማ በይ» እላታለሁ። ቀን በቀን፣ እንደ ዳዊት ደጋሚ። ይባስ ብሎ፣ ማታ ልጄ ከሥራ ስትገባ ልጅቱን ብድግ አደርግና «ትዕግሥት መጣች! ትዕግሥት መጣችልሽ!» እላለሁ። ቃሉን ከማን አፍ እንደተዋስኩት አላጣሁትም። ማንጠግቦሽ ሳታውቅ ነው ያለችው፤ እኔ እያወቅሁ ነበር። አንድ ቀን ይህን ስል ትዕግሥት በሩ ላይ አንድ ጫማዋን አውልቃ፣ አንዱን እንዳደረገች ቆማ ቀረች። ከዚያ በኋላ ነው ያ የማቆያው ወሬ የመጣው። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል፤ እኔ ጉልበቴን አስባ መስሎኝ ተሟገትኳት።

ለዚህ ነው ያን ሐሙስ ነገር ፍለጋ የሄድኩት። እንደ ተቆጣጣሪ ገባሁ። የአልጋውን አንሶላ ገልጬ አየሁ፤ ንጹሕ ነው። የአጥሚቱን ኩባያ አንስቼ አሸተትኩ፤ ምንም የለውም። «ጨርቃቸውን በቀን ስንቴ ትለውጣላችሁ?» «ልጅ ሲያለቅስ ማን ቀድሞ ያነሳል?» አፋጠጥኳቸው። አንደኛዋ ሞግዚት፣ አዜብ የምትባል ጨዋ ልጅ፣ ሁሉንም በትሕትና መለሰችልኝ። «ሶሊ ለምዳናለች፣ እማማ። ይምጡ፣ የምትወደውን ላሳይዎት» ብላ ወደ ግድግዳው ወሰደችኝ። እዚያ ከልጆቹ ቁመት ጋር እኩል፣ የሴቶች ፎቶግራፍ ተደርድሯል። አዜብ አንዷን ሕፃን ታቅፋ ጣቷን ወደ አንዱ ፎቶ ቀሰረች። «ይቺስ ማናት?» ሕፃኗ ፎቶውን በመዳፏ እየመታች «እማ!» አለች። ያቺ የጽዳት ሠራተኛ ናት። ከእሷ ጎን አንዲት ኃላፊ፣ ከኃላፊዋ ጎን የእኔ ትዕግሥት፣ እየሳቀች።

«ጧት ጧት እንዲህ እናደርጋለን» አለችኝ አዜብ። «እኛን አክስት ነው የሚሉን። ‹እማ› የምትለው ቃል ለእናቶቻቸው ብቻ ናት፤ ለራሳችን አንጠራባትም። ስንሠለጥን መጀመሪያ የነገሩን እሱን ነው። እናት ስትመጣ ‹እማ መጣች› ነው የምንለው።»

እማ መጣች። ያቺ ከአፌ ያልወጣች ዓረፍተ ነገር! እነዚህ ልጆች ሥራዬ ብለው፣ ደሞዝ እየተቀበሉባት፣ በቀን አሥር ጊዜ ይሏታል። እኔ ፎቶ አልነበረኝም መሰላችሁ? ከነአፍሮዬ፣ ከነአረንጓዴ ሹራቤ፣ የትም የማይገኝ ፎቶ ነበረኝ። ማን ይስቀለው? በጽዳት ሠራተኛዋ ቀናሁ፣ በኃላፊዋ ቀናሁ፣ መጨረሻ ላይ ግድግዳው ላይ በምትስቀው በገዛ ልጄ ቀናሁ። እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ ፎቶውን ገንጥዬ ብጥለው ደስ ባለኝ።

አራት ሰዓት ሆነ፤ ትዕግሥት ወርዳ መጣች። እኔን ስታይ ትንሽ ደነገጠችና ፈገግ አለች። ሶሊ ምንጣፉ ላይ በእኔና በእናቷ መሐል ተቀምጣለች። አዜብ «እማ መጣች!» አለች። ትዕግሥት ተንበርክካ ሁለት እጇን ዘረጋች፤ «ሶሊዬ!» ሕፃኗ እሷን አየች። እኔን አየች። ከዚያ ዞራ እየዳኸች መጣችና ቀሚሴን ጨብጣ፣ ፊቷን ወደ ላይ ቀና አድርጋ፣ ጥርት ባለ አፍ «እማ!» አለችኝ።

አዜብ ወደ ግድግዳው ዞረች። አልዋሽም፣ ደስ አለኝ! ስንት ዓመት የጠበቅሁት ቃል ነው፤ ከእግር ጥፍሬ እስከ ራስ ፀጉሬ ሞቀኝ። ከዚያ ቀና ብዬ ልጄን አየኋት። እጇ እንደተዘረጋ ነው። ያን ፊት አውቀዋለሁ። ስድስት ሰዓት ላይ ሮጬ ደርሼ፣ ማንጠግቦሽ በር ላይ ስቆም የማደርገው ፊት ነው። ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው ይባላል፤ እኔ ያጠርኩት እሾህ ግን የወጋው ልጄን ነው።

«እናኑ» አለችኝ ቀስ ብላ፣ ሰው እንዳይሰማ። «እኔ እምዬ ጭን ላይ ሆኜ አንቺ በር ላይ ስትቆሚ አይሽ ነበር። ፊትሽን አየው ነበር። ልጅ አያይም መሰለሽ? ሶሊን እዚህ ያመጣኋት ለዚህ ነው። በጉልበትሽ ያሳበብኩት ላላስቀይምሽ ብዬ ነው።»

ታውቅ ኖሯል! ይህን ሁሉ ዘመን ታውቅ ኖሯል። «እያየሽኝ ታዲያ» አልኩ፣ «ምነው አንድ ቀን እንኳ እማ ብትይኝ?»

«ልጅ ሆኜ አፌ አልለመደውም» አለች። «ካደግሁ በኋላ ደግሞ አፈርኩ። አሁን ድንገት እማ ብልሽ የምታለቅሺ ይመስለኛል።»

ሶሊ አሁንም ቀሚሴን እየጎተተች «እማ፣ እማ» ትላለች። አነሳኋት። ጉልበቴ ጮኸ፣ ግን አነሳኋት። ፊቷን ወደ እናቷ አዞርኩት። «ስሚኝ፣ ሶሊ። እማ ያቻት፤ ያቻትልሽ። እኔ እናኑ ነኝ። እናኑ በይኝ።» ቃሉ ከጉሮሮዬ የወጣው እንደ ዓሣ አጥንት ነው። ልጅቱ አፌን ትክ ብላ አየች፤ ከንፈሯን አሞጠሞጠች። «ናኑ» አለች።

«ናኑ!» አለች ትዕግሥት፤ ከልቧ ሳቀች። ልጇን ተቀብላኝ ቁጭ አለችና ጡቷን ሰጠቻት። አዜብም ሳቀች፣ እኔም ሳቅሁ። ከዚያ «መታጠቢያ ቤታችሁ የት ነው፣ ልጄ?» ብዬ ጠየቅሁና ገባሁ። በሩን ዘጋሁ፣ ቧንቧውን ከፈትኩ፣ አለቀስኩ።